የአለኸኝ ካኪ ኮት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ እንኳ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን እነግራቸውና ይህን እዘለዋለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ቃሌ ባያምር እለፉት፣ የሠራሁትን ግን አትለፉልኝ።

የሰው አደራ ቀድጃለሁ። ቀድጄም ለልጄ ሰፍቻለሁ።

እትዬ ይታይሽ የማንኩሳ ሰው ነበሩ። ፍኖተ ሰላም ገበያ ሲመጡ የሚያርፉት እኔ ቤት ነው። አንድ ልጃቸውን አለኸኝን ደርግ ከገበያ አፍሶ ጦር ሜዳ ወሰደው። የዚያን ቀን የለበሰው የሥራ ልብሱን ስለነበር የክቱ ካኪ ኮትና ሱሪ ቤት ቀረ። ቀጥሎ መንደር ምሥረታ ብለው የእትዬን ቤት አፈረሱ፤ ያስገቧቸው ጎጆ ዝናብ ያስገባ ነበር። ልብሱን በነጠላ ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ።

«የአንቺ ቤት ቆርቆሮ ነው። እስኪመጣ ሳጥንሽ ውስጥ ይቀመጥልኝ» አሉኝ።

«ምን ገዶኝ እትዬ፣ እንደ ዓይኔ ነው የማየው» አልኩ። እኔው ነኝ ያልኩት።

በዓመቱ ትምህርት ቤቱ፣ ለአብዮት በዓል ሰልፍ ካኪ ያልለበሰ ተማሪ ወላጁ ቀበሌ ይጠራል አለ። ያኔ ቀበሌ መጠራት ምን እንደነበር የደረሰበት ያውቀዋል። እኔ ደግሞ ልጄ ጥሩወርቅ ባስነጠሰች ቁጥር እንቅልፍ የማይወስደኝ ፈሪ እናት ነኝ። ሳልባጅ ተራውን ዞርኩት፤ ካኪ የለም። አንድ አሮጌ የሴት ካፖርት ለገበር ይሆነኛል ብዬ ገዛሁ። ከዚያ ሳጥኑን ከፈትኩ።

ማን አስገደደኝ? ቀበሌው መጥቶ ሳጥኔን ከፈተው? እኔ ነኝ የከፈትኩት። ስፌቱን በምላጭ የፈታሁት እኔ ነኝ። ጨርቁን ከውጭ በኩል ፀሐይ አንጥቶት ነበርና ገልብጬ ያልነጣውን ወደ ውጭ አወጣሁት። ካፖርቱ ገበር ሆነ፤ ከኮቱ ጃኬት፣ ከሱሪው ጉርድ ቀሚስ ወጣ። ክርኑ ላይ እትዬ የጣፉትን ቆርጬ ጣልኩ። የገለበጥኩት አዲስ እንዲመስል ብቻ ነው? እንዳይታወቅብኝም ነው። ገና ስቆርጠው ሌባ መሆኔን አውቄዋለሁ።

እትዬ ልጄን ለብሳ አዩዋት። ኮሌታዋን እያቃኑ «እሰይ የኔ ሙሽራ። እናትሽ እጇ ይባረክ፤ አለኸኝ ሲመጣ ለሱም ትሰፋለታለች» አሉ። እኔ ሳቅኩ። ስቄ ውሃ ቀዳሁላቸው። ይህን ሳስበው ዛሬም ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

ጥር ላይ የአለኸኝ መርዶ መጣ። በእኛ አገር ሬሳው ሩቅ የቀረ ሰው የሚለቀስለት በልብሱ ነው፤ ልብሱ ለቅሶው መሃል ይያዛል፣ እናትም እሱን አቅፋ ልጇን ትሰናበታለች። እትዬ ወገባቸውን በመቀነት አስረው መጡ።

«ልብሱን አምጪልኝ።»

«አይጥ በላው እትዬ።»

 ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አይጥ አዝራር አይበላም የኔ ልጅ። አዝራሩን ስጪኝ» አሉ።

አዝራሮቹ ልጄ ደረት ላይ ነበሩ። ሮጬ ከትምህርት ቤት ባመጣትስ? አፌን ከፍቼ እውነቱን ብናገርስ? የሌባ ልጅ ይሏታል ብዬ ፈራሁ።

«ከጥራጊው ጋር ደፋሁት» አልኩ።

ለቅሶው ላይ እትዬ ባዶ እጃቸውን ዘርግተው ዞሩ። አልቃሿ የምታነሣው ልብስ አጥታ መሃል ላይ ቆመች። ሰው «ምነው፣ እራፊ እንኳ አልተረፈው?» ሲል ሰማሁ። ያን ዕለት ከሁሉም በላይ ጮኼ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

እትዬ ከሞቱ ቆይተዋል። ደርግም ወድቋል፤ ሁሉንም በእሱ ማላከክ ይቀላል። ልጃቸውን የወሰደው ደርግ ነው። አቅፈው የሚያለቅሱበትን የወሰድኩባቸው ግን እኔ ነኝ።

ጥሩወርቅ ያ ልብስ የማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አታውቅም። አሁን ታነበዋለች። ልጄ፣ ለአንቺ ብዬ ነው አልልሽም።