በመስታወት የታየ መክሰስ

ባለቤቴ ሰውን የሚያውቀው በመስታወት ነው። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ከሰው ጀርባ ቆሞ ስለኖረ ፊት ለፊት የመጣበትን ሰው ለመለየት ይቸገራል። መንገድ ላይ አንዱ ኮፍያውን አንስቶ ሰላም ሲለው ጎንተል ያደርገኝና «ማነው እሱ?» ይለኛል። ትናንት ጢሙን ያስተካከለለት ሰውዬ ነዋ! «ፊቱ ተገልብጦብኝ እኮ ነው» ይላል። በመስታወት ውስጥ በግራ የለመደው ጠባሳ ውጭ ሲያገኘው በቀኝ ይሆንበታል።

እኔንም ያገኘኝ በመስታወት ነው። ታናሽ ወንድሜን ፀጉር ላስቆርጠው ወስጄ ከኋላ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። ሰውዬው ዓይኑን ከመስታወቱ ላይ መንቀል አቃተው፤ እጁ ግን ሥራውን አላቆመም። «ጫፍ ጫፉን ብቻ» ያለው ወንድሜ ተላጭቶ ወጣ። በዚያ ሁሉ መሃል አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የሱ ዝምታ ግን እኔን ሊያነቅዘኝ ምንም አልቀረውም ነበር። ደግነቱ የወንድሜ ፀጉር ቶሎ ያድጋል፤ ደጋግመን ሄድን።

እኔ ደግሞ ምግብ አብሳይ ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች በሙሉ ከእጄ በልተው ነው ያደጉት፤ ሳህኑን ጠርጎ የማይመልስ ልጅ አላውቅም ነበር። ይህን የምናገረው ለጉራ ነው፣ አልደብቅም። ጉራዬን ያስተነፈሰችው የባለቤቴ እህት ልጅ ናት፤ ገና አምስት ዓመቷ ነው።

«ዳኛዋ» ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ምግብ ሲቀርብላት ወደ ኋላ ለጠጥ ብላ፣ እጆቿን አጣጥፋ፣ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ታየዋለች። ከዚያ «ይነሳ» ትላለች። ይግባኝ የለም።

ነገሩ የልጅ ቅምጥልነት ብቻ ቢሆን ኖሮ በሳቅ ባለፍነው። ዳኛዋ ግን ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ፣ ለውዝና ሰሊጥ አይስማሟትም። አይስማሟትም ስል ሆዷን ይነፋታል ማለቴ አይደለም፤ ጉሮሮዋ ይዘጋል ማለቴ ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላት እናቷ ጎረቤት ይዛት ሄዳ ስልክ ልታነሳ ዞር ስትል፣ አንዱ ልጅ በደግነቱ ብስኩት አካፈላት። ወደ ሐኪም ቤት ሲሮጡ ትንፋሿ ያፏጭ ነበር። ተረፈች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እናቲቱ አልተረፈችም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ልጇ አፏን በከፈተች ቁጥር ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ብላ፣ ግንባሯን ቋጥራ፣ አፍ አፏን ታያታለች። «ዋጥሽው? አሳከከሽ? ምላስሽን አሳዪኝ እስቲ!» ይህ በየጉርሱ ነው። አባትየው የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ከቤቱ ይልቅ መንገድ ላይ ያድራል፤ ጭንቀቱን ለብቻዋ ነው የተሸከመችው።

በመጨረሻ ሐኪሟ ልጅቷን መዘነችና ነገሩ አላማራትም። ደግ ሴት ናት፣ ነገር አታካብድም። «ክብደቷ ባለበት ቆሟል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ጨምራ ካልመጣች አስተኝተን በአፍንጫዋ በቱቦ መመገብ ሊኖርብን ነው» አለች። አስከትላም «የተፈቀደላትን ሁሉ ሞክሩ፤ አታስገድዷት፣ አታስጨንቋት» አለች። እኛ የመጀመሪያውን ሰማንና ሁለተኛውን ሐኪም ቤቱ በር ላይ ጥለነው ወጣን።

ወገቤን ታጥቄ ተነሳሁ። ስኳር ድንች በስሱ ከትፌ፣ ዘይት አስነክቼ፣ ምድጃ ውስጥ እስኪንኮሻኮሽ አደረቅሁት። ሙዝ ጨፍልቄ ከሩዝ ዱቄት ጋር አሸሁና ትንንሽ ቂጣ ጠበስኩላት። ፖም እንደ ቀለበት ቆረጥሁ። ካሮት እንደ ሳንቲም ከተፍኩና በአቮካዶ አቀረብኩት። የተቀቀለ ሩዝ አድበልብዬ እንደ ኳስ ሠራሁ።

ስኳር ድንቹ፦ «ተነካክተዋል። ይነሳ።» ፖሙ፦ «አልቦታል። ይነሳ።» የሙዙን ቂጣ አሸተተችና ለአሻንጉሊቷ ሰጠችው፤ አሻንጉሊቷም እምቢ አለች። ካሮቱን ደግሞ አይታ አይታ «ዓይን ይመስላል፤ እያየኝ ነው» አለች። ሳቅንባት። ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል የሚለውን ተረት ከእናቷ ሆድ ተምራው የመጣች ይመስለኝ ጀመር። እናቷ ከፊቷ ቁጢጥ ብላ «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» ትላለች፤ እኔ ከጎን «አፈር ስሆን» እላለሁ። እሷ ሁለታችንንም አየት አድርጋ አፏን ትገጥማለች።

በዚህ መሃል የእናቲቱ ፈረቃ ተቀየረ። አውቶቡስ መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ናት፤ ከሰዓት በኋላ ስትሠራ ልጅቷ ባለቤቴ ፀጉር ቤት መዋሏ ግድ ሆነ። እኔ መክሰሷን በምሳ ዕቃ አድርጌ እልካለሁ። የመጀመሪያ ቀን ምሳ ዕቃው ባዶውን ተመለሰ። በማግሥቱም ባዶ። ደስታ አይደለም የተሰማኝ፤ ጥርጣሬ ነው።

«አንተ፣ የልጅ መክሰስ ትበላለህ? አታፍርም?»

«አልበላሁም።»

«ታዲያ ማን በላው? ማበጠሪያው?»

ሆዱን አየሁት፤ ገፋ ያለ መሰለኝ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልቤን ከበላኝ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ በሚቀጥለው ቀን ሳልናገር ፀጉር ቤቱ ሄድኩ።

አንድ ሲጥ ሲጥ የሚል ወንበር፣ ግድግዳ የሚሞላ መስታወት፣ የአልኮል ጠርሙስና ብሩሾች የተደረደሩበት መደርደሪያ፤ ሀብቱ ይኸው ነው። ከፀጉር መቁረጫ መኪናው ጎን ቀይ ቦርሳ ተሰቅሏል። የልጅቷ የአደጋ ጊዜ መርፌ እዚያ ውስጥ ነው፤ እህቱ አጠቃቀሙን እስኪሰለቸው አስተምራዋለች። ዳኛዋ ከኋላ አግዳሚው ላይ እግሯን አንጠልጥላ የአሻንጉሊቷን ፀጉር ትላጫለች። ምሳ ዕቃው ከጎኗ ተቀምጧል፤ አልተከፈተም።

ባለቤቴ ወንበሩን በእጁ መታ መታ አደረገ። «ተቀመጪ።» ጨርቁን አንገቴ ላይ አሰረልኝ። «ምን ልታደርገኝ ነው?» ብለው «ዝም በይና ወደ መስታወቱ እዪ» አለኝ።

አየሁ። ልጅቷ ቀና ብላ ጀርባችንን አየች። ክዳኑን ከፈተች። አንዱን ስኳር ድንች አሸተተች፣ በምላሷ ነካችው፣ ትንሽ ጠበቀች፣ ከዚያ ቀጭ! ሌላም ደገመች። ካሮቱን አነሳችና መጀመሪያ መሃሉን ነከሰችው፤ ዓይኑን አጠፋችው ማለት ነው። የቀረውን እየዘፈነች በላችው። እኔ ያን ሁሉ ልጅ ያበላሁ ሴትዮ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። መቻል ተሳነኝና ዞር ብዬ «ጎሽ የኔ ልጅ!» አልኩ። ክዳኑ ጠቅ ብሎ ተዘጋ።

«ይነሳ» አለች።

ባለቤቴ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። አስተያየቱ ከንግግር የባሰ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጉራዬን ትቼ ነገሩን ማጥናት ጀመርኩ። ምግቡ ይሆን ወይስ ቤቱ? ያንኑ ስኳር ድንች ቤቴ ጠረጴዛ ላይ አቀረብኩላትና ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ፤ ይነሳ። በሌላ ቀን አስቀምጬላት ወደ ዕቃ ማጠቢያው ዞርኩ፤ ሳህኗ ባዶ ሆነ። ፀጉር ቤት ደግሞ ደንበኛው ወንበሩ ላይ ካንቀላፋ ትበላለች። ወሬኛ ደንበኛ ዞሮ «ምን እየበላሽ ነው ሚጢጢ?» ካለ የዚያን ቀን መክሰስ አለቀ። የሩዙ ኳስ ግን ማንም አየ አላየ አይነካም። ቀምሼው ነበር፤ እውነቷን ነው፣ ያ የኔው ጥፋት ነው።

አንድ ቀን ጀርባዬን ሰጥቻት ዕቃ እያጠብኩ፣ እንደ ዘበት «ሰው ሲያይሽ ለምን አትበዪም?» አልኳት።

ስታኝክ ይሰማኛል። ዋጠችና «እማዬ እኔ ሳኝክ ፊቷ ይፈራል» አለች።

«እና?»

«እና ምግቡ መጥፎ ነው ማለት ነዋ።»

እጄ አረፋው ውስጥ ቀረ። ለካ ልጅቷ ምግቡን አይደለም የምትመረምረው፤ የእናቷን ፊት ነው። እናት ያክል ሰው በፍርሃት እያየው ያለን ነገር ማን ይውጣል? እኔም ብሆን አልውጠውም።

ማታ እህቱ ልጇን ልትወስድ ስትመጣ ነገርኳት። መቼም ነገር አለዝቤ መናገር አልችልበትም። «ልጅሽን ከምግብ ያጣላት ዓይንሽ ነው። እስቲ ዞር በይላት» አልኳት።

ፊቷ ተለዋወጠ። «እትዬ፣ አንድ ጊዜ ነው ዞር ያልኩት» አለች። «አንዴ። ስመለስ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ ጠበቀኝ። አሁንም ዙሪ ትሉኛላችሁ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አፌን እንዲህ ባልከፍተው ምን ነበረበት? ያ ዝምተኛ ባለቤቴ ከተቀመጠበት ተነሳ።

«ዙሪ አላልንሽም» አላት። «ነገ ከሥራ በፊት ፀጉር ቤት ነይ። እኔ ለልጅቷ ጀርባዬን እንጂ ፊቴን ሰጥቻት አላውቅም። ዓይኔን ግን አንድም ቀን ከላይዋ ላይ ነቅዬ አላውቅም።»

«እሺ ጋሼ» አለች፤ አላመነችም፣ ግን ቱቦው አለ።

በማግሥቱ መጣች። ባለቤቴ ወንበሩ ላይ አስቀመጣትና ጨርቁን አለበሳት፤ ቀዩን ቦርሳ ከምስማሩ አውርዶ ጭኗ ላይ አኖረላት። ማበጠር ጀመረ። አንገቷ እንደ እንጨት ደርቋል። ዳኛዋ ከኋላ ቀና አለች፤ የእናቷን ጀርባ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ክዳኑን ከፈተች። አሸተተች፣ በምላሷ ነካች፣ ጠበቀች። እናቲቱ ይህን አይታ አታውቅም ነበር፤ ልጇ ራሷን ለመጠበቅ የራሷ መላ እንዳላት። ቀጭ ሲል ልትዞር ቃጣት። ባለቤቴ ራሷን በሁለት እጁ ያዝ አድርጎ ወደ መስታወቱ መለሰው፤ የደንበኛ ራስ ማቃናት መቼም ሥራው ነው። እንባዋ ጨርቁ ላይ ሲንጠባጠብ እኔ ማበጠሪያ የምደረድር መስዬ ወደ መደርደሪያው ዞርኩ።

ልጅቷ ከአግዳሚው ወረደች። አንድ ስኳር ድንች ይዛ ዞራ መጣችና የወንበሩ እግር ማሳረፊያ ላይ ወጣች። «እማዬ፣ ያዢ።» አፏ ውስጥ አደረገችላት። እናቲቱ ማኘክ ጀመረች። ያን ጊዜ ልጅቷ ፊቷን አስጠግታ፣ ግንባሯን ቋጥራ፣ ዓይኗን አፍጥጣ አፏን ታያት ጀመር።

«ዋጥሽው? አሳከከሽ? ምላስሽን አሳዪኝ እስቲ!»

ስታላግጥ አልነበረም። ሰው እንዲህ ነው የሚወደደው ብላ ነው። እኔ በልጅቷ ፊት ላይ የእናቷን ፊት አየሁ። እናቲቱም አየች። ማኘኳን አቆመች፤ መዋጥ አቃታት። ያቺ ትንሽ ፊት እዚያ ድረስ ተጠግታ እያየቻት እንዴት አድርጋ ትዋጥ?

ዳኛዋ ጠበቀች። ከዚያ ተነፈሰችና ጀርባዋን ሰጠቻት፤ ወደ በሩ እያየች «እሺ፣ አላይሽም፤ ብዪ» አለቻት።

ባለቤቴ አንዱን አሮጌ መስታወት ወስዶ እህቱ ቤት ከዕቃ ማጠቢያው በላይ ሰቀለላት። እናቲቱ ዕቃ እያጠበች ታያታለች፤ ያልቆሸሸ ዕቃ ሁሉ ስታጥብ አግኝቻታለሁ። አንዳንድ ቀን ይጨንቃትና ትዞራለች፤ ያን ጊዜ «ይነሳ» ይመጣል።

የቀጠሮው ቀን ሁላችንም ሄድን። ሐኪሟ ልጅቷን ሚዛኑ ላይ አወጣቻት። እናቲቱ ከልምድ የተነሳ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ እኔም ዞርኩ። ባለቤቴም ዞሮ በዓይኑ መስታወት ሲፈልግ አየሁት፤ በክፍሉ ውስጥ መስታወት የለም። ሐኪሟ ልጅቷን እንደገና አስተካክላ አቆመቻት። ከዚያ ሐኪሟ ሳቀችና «በሉ፣ ቱቦውን እንርሳው» አለች።

ማናችንም ለመዞር አልደፈርንም። ከሚዛኑ ላይ ዳኛዋ ተናገረች።

«እማዬ፣ ዙሪ። ይኼን ማየት ትችያለሽ።»