አባዬ ኬላው ላይ

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ነድቷል። ድሮ አሰብ፣ በኋላ ጅቡቲ። ወገቡ እምቢ ሲለው መኪናውን አስረክቦ፣ አዲስ በደረሰን የቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ከእማዬ ጋር ቤት መዋል ጀመረ። ሾፌር ቤት ሲውል አያድርስ ነው! የሽንኩርት አከታተፍ ሳይቀር ያርማል። እማዬ "ኧረ ይሄን ሰውዬ አንድ ነገር አድርጊልኝ" ብላ ስታማርር፣ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ቦሌ ጎራ ብዬ ከባድ መኪና የሚነዳበት ጌም ከነፕላስቲክ መሪው ገዝቼ ገባሁ።

ወይ ጉድ! ሰውዬው ነፍስ ዘራ። ኮፍያውን ያደርጋል፣ ወንበሩን ያስተካክላል፣ ሞተሩ ሳይሞቅማ አይነሳም። ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀይር አፉ አብሮ ያጓራል። እኔና እማዬ በሳቅ እንሞታለን።

አንድ ቀን የጌሙን ካርታ ሲያገላብጥ ጫፉ ላይ ወደብ አየ። ከተጋቡ ጀምሮ እማዬን "ጋቢና አስቀምጬ ባሕር አሳይሻለሁ" ሲላት ኖሯል። መጀመሪያ እኛ ተወለድን፣ ከዚያ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ይሄ ቤት፤ እማዬ ባሕር የሚባል ነገር በዓይኗ ሳታይ መኪናው ሄደ። አባዬ ከካርታው ቀና ብሎ "እሁድ ባሕር እንሄዳለን፣ ተዘጋጂ" አላት። "አበድክ እንዴ?" አለችው። እሁድ ግን አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ አጠገቡ ተቀመጠች።

እኔ ገበያ ደርሼ ስመለስ ስክሪኑ ላይ መኪናው መንገዱን የዘጋ ግርዶሽ ፊት ለፊት ቆሟል። ሞተሩ ጠፍቷል። ሁለቱም ቆሎ እየቆረጠሙ ነው።

"ምን እየጠበቃችሁ ነው?"

"ኬላ ነው" አለ አባዬ። "ፈታሹ ምሳ ሄዶ ይሆናል። ጥሩንባ ነፍቼለታለሁ።"

ጠጋ ብዬ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን አነበብኩት። ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ለብቻው ይሸጣል ይላል። ደሜ ፈላ! "ጌሙን ገዝቼዋለሁ እኮ! ባሕሩ ለብቻ? አስፋልቱ ለብቻ? ነገ ደግሞ ለፍሬኑ ክፈሉ ሊሉን ነው?"

አባዬ ቆሎውን አላቋረጠም። "ምን ያስጮህሻል? ይሄ ቤት ሲደርሰን ቁልፍ ሰጡን እንጂ ሴራሚኩን ያስገባነው፣ ቀለሙን የቀባነው እኛው አይደለንም?"

እሺ፣ ልክፈል ብዬስ? የእኛን ሀገር የባንክ ካርድ ማን ይቀበላል! ብሩ በእጄ፣ ባሕሩ ፊቴ፣ መሃል ላይ "ካርድዎ አይሠራም"። በንዴት ጠረጴዛውን ስደበድበው እማዬ "ተይው ልጄ፣ እኔ ባሕር ባላይ ምን እሆናለሁ" አለችና ነጠላዋን አጥፋ ቁምሳጥን ውስጥ አስገባችው። እሷ ባትለው ይሻለኝ ነበር። አንጀቴን በላችው።

የአባዬ የድሮ ጓደኞች ደግሞ በስልክ ምክር ይልካሉ። "ፈታሹን ሻይ ጋብዘው!" ይሉታል። እሱም ከልቡ "የት አግኝቼው?" ይላል።

ያዳነችን ከእኛ በታች የምትኖር ሆስተስ ናት። ጉዳችንን ሰምታ ስቃ ስቃ፣ ከበረራ ስትመለስ የጌም መግዣ ካርድ ይዛልን መጣች። አባዬ እንደ ሞባይል ካርድ በሳንቲም ፋቀው፣ እኔ ቁጥሩን አስገባሁ። መንገዱ ከኢንተርኔት መውረድ ጀመረ። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው መብራት ድርግም! ያን ቀን ያልተናገርኩት ስድብ የለም። መብራቱ ተመልሶ የሰፈሩ ልጆች "መጣ!" ብለው ሲጮኹ እኔም አብሬ ጮህኩ።

በሚቀጥለው እሁድ ነጠላው ከቁምሳጥን ወጣ። ግርዶሹ ተነስቷል። አባዬ ግን እዚያው ቦታ ሲደርስ ቆመ፣ ጥሩንባውን ሁለቴ ነፋ፣ ለሌለው ፈታሽ እጁን አንስቶ "እግዜር ይስጥልን!" ብሎ አለፈ።

ከጥቂት ኩርባ በኋላ ሰማያዊው ተዘረጋ። ዳር ይዞ ሞተሩን አጠፋ።

"ይሄ ነው?" አለች እማዬ።

"ይሄ ነው።"

"ሽታውስ?"

"ጨው ጨው ይላል።"

ብዙ አየችው። "ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ብቻህን ነው ያየኸው?"

አባዬ መሪውን ለቆ እጇን ያዘ። ደስታዬን የት ላድርገው! ወደ ምግብ ጠረጴዛው ልጠራቸው መጥቼ ነበር፤ ተውኩትና ምሳቸውን እዚያው ባሕሩ ዳር አቀረብኩላቸው።