ዶክተር ሆና ዳግም ተማሪ

ልጄ የከብት ሐኪም ሆና የተመረቀች ቀን በግ አርጄ ጎረቤት አብልቻለሁ። ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ክፍለ ሀገር ወርዳ አራት ዓመት ሠራች። ጭቃ ውስጥ ተንበርክካ ላም ስታዋልድ የተነሳችውን ፎቶ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ። ከዚያ አንድ ቀን መጣችና "አባዬ፣ ትምህርት ልገባ ነው" አለችኝ።

"የምን ትምህርት?"

"የቀዶ ጥገና ስፔሻሊስት ልሆን። ሦስት ዓመት ነው።"

"ዶክተር አይደለሽም እንዴ?"

"ነኝ።"

"ታዲያ ምን ጎደለሽ?"

"እሱን ነው የምማረው" አለችኝና ሻይዋን ጠጣች።

እኔ ከአራተኛ ክፍል ያለፍኩ ሰው አይደለሁም። ዕድሜዬን የፈጀሁት ላሜራ ስቀጠቅጥ ነው። በኛ ሥራ እጅህ አንዴ ከለመደ ማንም መጥቶ ተመለስና ተማር አይልህም። እንዲያ ካሉህ ተሰድበሃል ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩ አልገባኝም፤ እውነቱን ልናገርና ዛሬም በደንብ አልገባኝም። ግን ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ያበቃው ላሜ የታመመች ጊዜ ነው።

እሪ በከንቱ፣ ከቤቴ ጓሮ፣ አንዲት ላም አለችኝ። ድሮ ሦስት ነበሩ። ሚስቴ ስትሞት ሁለቱን ሸጥኳቸው። ይቺን ግን እናቷ ሞታባት ሚስቴ በጡጦ ያሳደገቻት ናትና እጄ እምቢ አለኝ። በዙሪያችን ያሉት ቤቶች ከፈረሱ ወዲህ ደግሞ ባዶው ቦታ ላይ ሣር በቀለ። መሐል ከተማ ላይ ሣር በነጻ ያገኘ ሰው ምን ያደርጋል? ጠዋት ጠዋት ይዣት እወጣ ጀመር። ሣሩን ብቻ የምትግጥ መስሎኝ ነበር። ለካ ሰው ቤቱን ለቆ ሲሄድ ጥሎት የሄደውን ሁሉ ነው የምትሰለቅጠው።

አንድ ሰኞ ማመስኳት አቆመች። ከብት ያሳደገ ያውቀዋል፤ ላም ጋደም ብላ የበላችውን መልሳ ካላኘከች ነገር አለ። ማክሰኞ ግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ለልጄ ደወልኩ። ከከተማ ውጭ ካለው ትምህርት ቤቷ ተነስታ ከቀትር በፊት ደረሰች። ጆሮዋን ላሟ ጎን ላይ ለጠፈች፣ በጡጫዋ ገፋ ገፋ አደረገች፣ ጀርባዋን ቆንጠጥ አደረገቻት። ላሟ አቃሰተች።

"ጨጓራዋ ፌስታል ሞልቶታል። ብረት ነገርም ሳይኖር አይቀርም። ተከፍቶ መውጣት አለበት።"

ጠላ የምትሸጠው ጎረቤቴ በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ ስትሰማ ኖሯል። "ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ፌስታል የምትሰበስበው ሱቅ ልትከፍት ነው እንዴ?" አለችኝ። የአራዳ ልጅ ላም ስትሞትም አፏ አያርፍም።

"በይ ክፈቻታ" አልኳት ልጄን።

"አልችልም።"

"ምን?"

"ተማሪ ነኝ አባዬ። አስተማሪያችን አጠገቤ ካልቆሙ ቢላ አላነሳም። ነገ ጠዋት ይመጣሉ፣ ነግሬያቸዋለሁ።"

"ክፍለ ሀገር ሳለሽ ብቻሽን ትከፍቺ አልነበረም?"

"እከፍት ነበር።"

"ታዲያ ትምህርት ሲጨመርልሽ የምትችዪው ቀነሰ? እኔ እንዲህ ያለ ትምህርት ሰምቼም አላውቅ!"

እጇን ታጠበች፣ በቀሚሷ ጠረገች። "እዚያ ከከፈትኳቸው አንዷ ሞታብኛለች። ምን እንዳጠፋሁ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። እስካሁን አላውቀውም።"

"አልነገርሽኝም።"

"እሱን ፎቶ አልተነሳሁትም" አለችኝ።

ከዚያ ትእዛዝ። ከአሁን ጀምሮ ምንም እንዳትበላ፤ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ውሃም እንዳትቀምስ። ጎኗ ላይ በመርፌ ነገር ወግታ ትንሽ አየር አስወጣችላትና አክስቷ ቤት ለማደር ሄደች።

ያደረግሁትን ልናገር። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጎረቤቴ እንደ ሁልጊዜው ከጠላዋ የተረፈውን አተላ በባልዲ አቀበለችኝ። ላሜ ባልዲውን አይታ አንገቷን ዘረጋች። ሁለት ቀን ያልበላች ከብት አንገቷን ስትዘረጋልኝ፣ ባዶ ሆዷን ለቢላ ላቅርባት? ሰው እንኳ ሆስፒታል ሲሄድ አንድ ነገር ቀምሶ ነው የሚሄደው። አተላው ላይ ፉርሽካ በተንኩና ሰጠኋት። ግማሹን ጠጣች። ደስ አለኝ፤ ልትድን ነው አልኩ።

ልጄና አስተማሪዋ ከቴዎድሮስ አደባባይ ደውለው መንገድ ተዘጋብን አሉ። መኪናቸውን ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ አቁመው ሳጥኖቹን ተሸክመው በእግር ወረዱ። ልጄ ሌሎች ሁለት ይዛ ነው የመጣችው። አንደኛው ጸጉሩ ሸብቷል። አስተማሪው እሱ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ጨበጥኩት። ለካ እሱም ተማሪ ነው! አስተማሪው ከኋላ ውሃ የተሸከመው ወጣት ሆኖ ተገኘ። ሁሉም ዶክተሮች ናቸው፣ ሁሉም ደብተር ይዘዋል። አገሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ እንጃ።

ልጄ ላሟን አቅፋ አፏን ስታሸት ቀጥ አለች።

"አባዬ፣ ምን አበላሃት?"

"ምንም።"

"አባዬ።"

"ትንሽ አተላ።"

አስተማሪው እኔን ተወኝና ወደ እሷ ዞረ። "እሺ ዶክተር፣ ምን ታደርጊያለሽ?"

"እቀጥላለሁ።"

"ለምን?"

"ጋዙ ሳንባዋን እየተጫነ ነው። እስከ ነገ አትደርስም።"

"ሌላስ?"

"ብረት ካለ ወደ ልብ ሊሄድ ይችላል።"

"ጨጓራው ሙሉ ነው። ሲከፈት ሆድ ዕቃዋ ውስጥ ቢፈስስ?"

"መጀመሪያ ጨጓራውን ከቆዳው ጋር እሰፋዋለሁ።"

"ሌላስ?"

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። "ጌታዬ! ላሟ እየሞተች ነው ወይስ ፈተና ላይ ነን?"

"ሁለቱም ነው አባቴ" አለኝ፣ ዞር ሳይል።

እንዳትወድቅ ግራና ቀኝ በገመድ አሰርናት። ጎኗን ላጩ፣ ማደንዘዣውን በመስመር በመስመር ወጓት። ልጄ ቀደደች። ላሜ ቆማ ነው፤ ዓይኗ እኔ ላይ ነው። አስተማሪው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። አንድ ነገር አልነካም! ለዚህ ነው እንዴ አንድ ቀን ሙሉ የጠበቅነው? ልጄ እጇን እስከ ብብቷ ከታ ፌስታል ታወጣለች፤ ሌላ ፌስታል፤ ገመድ፤ የሕፃን ካልሲ። የኔ አተላ ደግሞ እየገነፈለ ደረቷ ላይ ይፈሳል። ሽበታሙ ተማሪ በጨርቅ እየተከላከለ "ይሄ ጠላ ቤት ነው እንዴ?" ሲል ሰምቼዋለሁ።

"ሽቦ አገኘሁ" አለች ልጄ። ክንዷ ሲጠነክር አየሁት፤ ልትስበው ነው።

"ቁሚ" አለ አስተማሪው። የተናገረው ይቺን ብቻ ነው።

ቆመች። ዓይኗን ጨፈነች፤ በጣቷ ብቻ ትዳስሳለች። ቆይታ "ግድግዳውን በስቶ ወጥቷል። ጫፉ የታጠፈ ነው፤ ብስበው ይቀደዳል" አለች። አስተማሪው አንገቱን ነቀነቀ። ሽቦውን በመጣበት አቅጣጫ እያዞረች፣ እያዞረች፣ ላቧ በአገጯ እየተንጠባጠበ አወጣችው። እንደ ጣቴ የሚረዝም የመብራት ሽቦ ነው።

ተሰፍታ ካለቀች በኋላ ልጄ ደብተሯን አወጣች። የከፈቱት ከብት ሁሉ ይመዘገባል፣ በኋላ ታላላቆቹ ፊት ይነበባል አሉ። ተንጠራርቼ አየሁ። "ባለቤቱ ጠዋት አብልቷታል" ይላል።

"ሰርዢው" አልኳት።

"አልሰርዝም።"

"አባትሽ ነኝ።"

"እዚህ ላይ ባለቤቱ ነህ።"

ተናደድኩ፤ እሷም ተናዳለች። አብራኝ ሁለት ቀን ሰነበተች፤ ጠዋትና ማታ መርፌ ወጋቻት፣ ትኩሳቷን ለካች፣ ከኔ ጋር ግን ከ"ያዝልኝ" እና ከ"ልቀቅ" በቀር አልተነጋገርንም። ቁስሉ አብጧል፤ ትኩሳቱ አልወርድ ብሏል። አተላው ነው፤ አልተናገረችም እንጂ አውቃለሁ። ዓርብ ጠዋት ወደ ትምህርቷ ስትመለስ ለመርፌው የምታውቀውን የሰፈር የከብት ሐኪም አዘዘችልኝ። በር ላይ ቆማ "ማመስኳት ከጀመረች ደውልልኝ" አለች። "እስከ እሁድ ካልጀመረች ግን..." ብላ ተወችው።

ዓርብ የለም። ቅዳሜ በርጩማዬን ይዤ አጠገቧ ዋልኩ። የለም። ሚስቴ ብትኖር ምን ትለኝ እንደነበር አውቃለሁ፣ እዚህ አልጽፈውም።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋደም ብላ አገኘኋት። ጉሮሮዋ ላይ አንዲት ነገር ከታች ወደ ላይ ሽቅብ ስትሄድ አየሁ። መንጋጋዋ ተንቀሳቀሰ። ስልኬን አውጥቼ ለልጄ ደወልኩ። ያነሳው ሽበታሙ ነው።

"አባቴ፣ ቀዶ ጥገና ላይ ናት። ምን ልበልልዎ?"

"አመሰኳች በላት!"

"እሰይ! በአንድ ጉርሻ ስንት ጊዜ ታኝካለች?"

"ምን?"

"አስተማሪያችን ይጠይቁኛል አባቴ፤ እሷም መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው። አንዷን ጉርሻ እስክትውጥ ይቁጠሩልን።"

እኔ! በዚህ ዕድሜዬ! ስድብ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። በርጩማዬን ሳብኩና ተቀመጥኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሠላሳ አንድ ላይ ስደርስ ጎረቤቴ በአጥር ብቅ ብላ "ጋሼ፣ ተሻላት?" አለችና ቁጥሩን አጠፋችብኝ። በእጄ ዝም በይ አልኳት። ላሜ ዋጠች፣ ሌላ ጉርሻ መጣ፣ እኔም ከአንድ ጀመርኩ።