ባልዲ ላይ ተቀምጬ ያስተማርኩበት ጥዋት

እኔ ትምህርትን ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው የፈታኋት። ካርቱም ላይ ግን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አስተምሬያለሁ፤ ለአንድ ጥዋት፣ ባልዲ ላይ ተቀምጬ።

ካፉሪ የሚባል ሰፈር ውስጥ ገና እየተሠራ ያለ ቪላ በዘበኝነት እጠብቅ ነበር። ፕላኑን የሠራው ሱዳናዊ አርክቴክት ነው፤ ሁላችንም ኡስታዝ ነው የምንለው። ጥዋት ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፣ ከሰዓት ቢሮው ቁጭ ብሎ ይስላል፣ በመሀል መኪናው ውስጥ ፉሉን ይበላል። የቤቱ ባለቤት፣ ሀጂው፣ «በሩ በጎን መንገድ ይሁንልኝ» ሲለው፣ ኡስታዝ ጊዜ የለውማ፣ ፕላኑን እንዳለ ሩብ ዙር አዞረና አመጣው።

የወለሉ አርማታ የሚፈስበት ቀን ተማሪዎቹን በሙሉ ይዞ መጣ። ሚክሰሩ ይጮሃል። የንጋቱን የሱብሂ ሶላት የሰገድኩበት መስገጃ እዛው እንደተነጠፈ ነው። ላነሳው ጎንበስ ስል የሽንት ቤቱን ቱቦ አየሁት። እንደ ቱቦው አወጣጥ እዛ የሚቀመጥ ሰው ፊቱ ቀጥ ብሎ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ ነው፣ ልክ እኔ እንደምሰግደው።

በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ ደግሞ ለሽንት ወደ ቂብላ ዞሮ መቀመጥ ነውር ነው። ሀጂው ይሄን ካየ ወለሉን ያስፈርሳል፣ ኡስታዝንም ሁለተኛ ደጁን አያስረግጠውም። ብናገር ደግሞ ኡስታዝ ተማሪዎቹ ፊት አዋረድከኝ ብሎ እኔን ያባርረኛል። አርማታ የሞላው ጋሪ እየተገፋ ነው።

«ኡስታዝ፣ አንዴ አስቁመው» አልኩ በዛ በተሰባበረ አረብኛዬ።

«ያ ሐበሺ፣ መሐንዲስ ሆንክ ደግሞ?» አለኝ ፎርማኑ። «ያላ፣ ከመንገድ ዞር በል።»

ኡስታዝ ሰዓቱን አየ። «ምንድን ነው? ቶሎ በል፣ ሌላ ክፍል አለኝ።»

ሴት ተማሪዎች አሉ፣ የቱን ቃል ላውጣ? ባልዲ ደፋሁና ቱቦው ጋ ቁጭ አልኩበት። ሱሪዬን አልነካሁም፣ አላህ ምስክሬ ነው። ከዛ በጣቴ ፊት ለፊቴ ያለውን መስገጃ አሳየሁት።

አንዷ ተማሪ ሳቀች። ኡስታዝ አልሳቀም። እኔን አየ፣ መስገጃውን አየ፣ መልሶ እኔን። ጋሪው ሊደፋ ዘንበል ሲል እጁን አነሳ። ሚክሰሩ ዝም አለ።

«ጻፉ» አላቸው ተማሪዎቹን። «ፕላን ሲዞር ሽንት ቤቱም አብሮ ይዞራል። እኔ ረስቼዋለሁ።» ድምፁን እንኳ አልቀነሰም። ወደ እኔ ዞረና፣ «አንተስ፣ አልጨረስክም?» አለኝ።

ከክፍሉ ቀረና ቱቦውን እስከ ቀትሩ የዙህር ሶላት ስናዞር ቆሞ አየን። ከዛ ወዲህ አዲስ ፕላን በያዘ ቁጥር «ና ተቀመጥ» ይለኛል። ባልዲዬን ይዤ እሄዳለሁ።