ስለ አጎቴ ጉሮሮ የተቀመጡ ሽማግሌዎች

ደብረ ብርሃን ላይ የሕክምና ተማሪዎችን ስለ ሽፋን ህዋሳት አስተምራለሁ። ኤፒተልየም የሚባሉትን፣ ቆዳችንን፣ አፋችንን፣ ጉሮሯችንንና አንጀታችንን እርስ በርስ ተያይዘው የሚሸፍኑትን ማለቴ ነው። ሥራዬን ለዘመድ ማስረዳት ከተውኩ ቆየሁ። አንኮበር ያለው አጎቴ ለሰው ሲያስተዋውቀኝ «ቆዳ በመነጽር የምታይ ናት» ይላል። ሰውም ቆዳ ፋብሪካ የምሠራ ይመስለውና «ሌጦ ዘንድሮ ለምን ረከሰ?» ብሎ ያፋጥጠኛል። እኔ ምን አውቄ!

አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። ሕፃን ሳለሁ እናትና አባቴ ተከታትለው ሲያልፉ ጋሼ ወንደላጤ ነበር። ጉግስ ይወዳል፣ ሙግት አለ በተባለበት ሁሉ ይገኛል፣ ቤቱ ውስጥ ከኮርቻ በቀር ይህ ነው የሚባል ዕቃ አልነበረም። ዘመድ ተሰብስቦ ልጅቷ ማን ጋ ትሁን እየተባባለ ሲጨቃጨቅ እሱ ብድግ አለና አቅፎ ወሰደኝ፤ በቃ። ገንፎ ማገንፋት ተማረ፣ ቀሚስ መጣፍ ተማረ፣ ጸጉር መሥራት ተማረ። የሠራኝ ሹሩባ ሁልጊዜ ወደ ግራ ስለሚያጋድል አስተማሪዎቼ አንገቷን ታማለች ብለው ያዝኑልኝ ነበር። ሚስት ያገባው እኔ ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው። ለምን እንደ ዘገየ ስጠይቀው «ማን ከነልጄ ይወስደኛል ብለሽ ነው?» ይለኛል።

እንግዲህ ይህ ጋሼ ቃር አለበት። ቃር የሚያባብስ ነገር ሁሉ ደግሞ ነፍሱ ነው። ጠዋት ብርድ ማስለቀቂያ ብሎ አረቄውን ይጎነጫል፣ ራቱን በሚጥሚጣ ይበላል፣ የመጨረሻዋን ጉርሻ አላምጦ ሳይጨርስ ብርድ ልብሱ ውስጥ ይገባል። የአንኮበርን ብርድ የማያውቅ አይፍረድበት። ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ቤት ድረስ በሚገባበት አገር ከራት በኋላ ቁጭ ብሎ መጫወት ቅጣት ነው።

«ደረቴ ላይ እሳት አለ» ማለት ሲያበዛ ወደ ደብረ ብርሃን አምጥቼ አስመረመርኩት። ሐኪሙ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፉ አስገብቶ እስከ ጨጓራው አየና ከምግብ ቧንቧው የታችኛው ጫፍ ቅንጣት የምታህል ናሙና ወሰደ። ጋሼ ዓይኑ በእንባ ተሞልቶ ወጣ። «ሁለተኛ ይህን ጎማ ብውጥ ሰው አይደለሁም!» አለ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ምሬት ነው ብዬ ናቅኩት።

ናሙናውን የሚመረምረው ባልደረባዬ ጠርቶኝ የጋሼን ጉሮሮ በማይክሮስኮፕ አየሁት። ጤነኛ የምግብ ቧንቧ ገጹ በጠፍጣፋ ህዋሳት ተደራርቦ የተሸፈነ ነው። የጋሼ ግን ጫፉ ላይ እነዚያ የሉም። በቦታቸው እንደ ተልባ የሚያሟልጭ ፈሳሽ የያዙ፣ ሆዳቸው ሰፋ አንገታቸው ጠበብ ያለ፣ ቁርጥ ብርሌ የመሰሉ ህዋሳት ቆመዋል። የአንጀት ህዋሳት ናቸው! ጉሮሮ ላይ! የጨጓራ አሲድ ሽቅብ እየመጣ ሲለበልበው የኖረ ቦታ፣ መለብለቡን የሚችል ሌላ ዓይነት ህዋስ ይለብሳል። ይህን በየዓመቱ ለተማሪ ሳስተምር እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ የዚያን ቀን ግን እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ። ካንሰር አይደለም። አብዛኛው ሰው ላይም ካንሰር አይሆንም። ነገር ግን አንዴ ማንነቱን የለወጠ ህዋስ አንዳንዴ መለወጡን አያቆምምና ወደዚያው ሊሄድ ይችላል፤ ስለዚህ በየጊዜው ቱቦ አስገብቶ ማየት ግድ ነው። በጣም ፈራሁ። እናትና አባቴ ሲሞቱ ምንም አላስታውስም፤ እኔ ወላጅ አልባ የምሆነው ይህ ሰው የሞተ ቀን ነው።

የሁለተኛው ምርመራ ቀጠሮ ሲደርስ ሚስቱ ደወለችልኝ። እትዬ ነው የምላት።

«ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ መድኃኒቱን ይውጣል፤ እግዜር ይስጠው አረቄውንም ቀንሷል። ጎማውን ግን አሻፈረኝ ብሏል። ሽማግሌ አስቀምጫለሁና ቅዳሜ ነይልኝ።»

ቆሽቴ አረረ። የድንበር ሽማግሌ አውቃለሁ፣ የባልና ሚስት ሽማግሌ አውቃለሁ፤ ለጉሮሮ ሽማግሌ የሚቀመጠው የት አገር ነው? ቢሆንም ጋሼ ሐኪምን እንቢ ይላል፣ እኔን እንቢ ይላል፣ የሽማግሌ ቃል ግን ረግጦ አያውቅም። ቅዳሜ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ስደርስ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ጋሼ ኮቱን ለብሶ፣ ጸጉሩን አበጥሮ፣ በትሩን ይዞ እንደ ተሟጋች ቆሟል። ደስ ብሎታል! እትዬ ቀድማ አቤት አለች። ሐኪሙ የአልጋውን ራስጌ ከፍ አድርግ ስላለው ጋሼ ከሥሩ የድንጋይ ካብ ክቦበታል።

«ራስጌ እተኛለሁ፣ ግርጌ እነቃለሁ» አለች። «ቁልቁል እየተንሸራተትኩ እሱ ደግሞ ከላዬ እየመጣ እግሬን ሰበረው። ይህን ሁሉ የቻልኩት ይድናል ብዬ ነው። አሁን ጎማውን አልውጥም ካለ እኔ ምን በወጣኝ ነው የምንሸራተተው?»

መሃል ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ዳኝነቱን የያዙት፣ ወደ እኔ ዞሩ።

«አስረጂን እስቲ ልጄ። ጉሮሮው ምን ሆነ?»

«የጉሮሮው ህዋሳት ወደ አንጀት ህዋሳት ተለወጡ፣ አባቴ።»

 «ወይ ጉድ! አንጀቱስ ጉሮሮ ሆነ?» አሉኝ።

«የለም፣ አንጀቱ በቦታው ነው።»

«ተመስገን።»

ነገሩ እንዲገባቸው ብዬ በስልኬ ያነሳሁትን የናሙናውን ፎቶ አሳየኋቸው። ምን ቆርጦኝ! በስተቀኝ ያሉት ሽማግሌ ስልኩን አርቀውም አቅርበውም ካዩ በኋላ «ይኼማ ብርሌ ነው» አሉ። ሌላኛውም ተቀብለው «ብርሌ ነው፤ ለዚያውም የተደረደረ» አሉ። ጋሼ ይህን ሲሰማ በትሩን መሬት ላይ ተከለው።

«ዳኞች ፍረዱኝ! ፈጣሪ ብርሌ በየመልኩ ደርድሮ ጉሮሮዬ ውስጥ አስቀምጦልኝ ሳለ እነዚህ ሰዎች ጠጅ አትቅመስ ይሉኛል!»

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፍርስ አሉ። እትዬም ሳቀች። እኔ ብቻ ጥርሴን ነክሼ ቆሜያለሁ።

ዳኛው ዓይናቸውን ጠርገው ወደ ጉዳዩ ተመለሱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የድንበር ሙግት ሲያዩ የኖሩ ናቸውና የጠየቁኝም ያንኑ ነው። «ቆይ እስቲ። የቦታው ባለቤት ራሱ ነው የተለወጠው? ወይስ ጎረቤቱ ገፍቶ ገብቶ ነው የሰፈረው?»

ይህን ማንም ተማሪ ጠይቆኝ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር የዘርፉ ሊቃውንትም እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። የጉሮሮው ህዋሳት ራሳቸው ተለወጡ የሚል አለ፣ የጨጓራ ህዋሳት ሽቅብ ወጥተው ሰፈሩ የሚልም አለ።

«ገና ቁርጡ አልታወቀም፣ አባቴ።»

«ታዲያ ቁርጡ ያልታወቀ ነገር ይዘሽ ነው ሰውን ጎማ ዋጥ የምትይው?»

ጋሼ አጨበጨበ። በገዛ ጉሮሮው ላይ ሲረታ እንዲህ ደስ የሚለው ሰው አይቼ አላውቅም። ያኔ ባሰብኝና ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«አባቶቼ፣ መለወጡ ራሱ እኮ ክፉ ነገር አይደለም! ሁላችሁም በእናታችሁ ማኅፀን ሳላችሁ ጉሮሯችሁ እንደ አሁኑ አልነበረም። ቆመው የሚታዩ፣ ጫፋቸው ላይ ጸጉር የመሰለ ነገር የሚያወዛውዙ ህዋሳት ነበሩበት። ኋላ ነው በጠፍጣፎቹ የተተኩት።»

ዳኛው እጃቸውን ወደ አንገታቸው ላኩ። «እኔም?»

«እርስዎም።»

«ጸጉር? ጉሮሮዬ ውስጥ? መቼ ተላጨሁት?»

«ሳይወለዱ በፊት ነው አባቴ፣ አይጨነቁ!» አልኩና ቀጠልኩ። «የፊታችን አጥንት እንኳ የተሠራው፣ የጎረቤቶቻቸውን እጅ ለቀው፣ መልካቸውን ለውጠው፣ ከተወለዱበት ቦታ በተሰደዱ ህዋሳት ነው። በጊዜውና በቦታው ሲሆን መለወጥ ሰውን ይሠራል። ካንሰር ግን ያንኑ የስደት ዘዴ አለጊዜው ያመጣዋል። የጋሼ ህዋሳት እስካሁን ያደረጉት የሚለበልባቸውን ችለው ለመኖር ነው። ከዚህ ያልፉ እንደ ሆነ ደግሞ ገብቶ ካላዩ የሚያውቅ የለም። እኔ አላውቅም። ሐኪሙም አያውቅም። ጋሼም አያውቅም!»

 ጋሼ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ሽማግሌዎቹ ፈቀቅ በሉልን ብለው ተመካከሩ። እትዬም አንዴ ጠጋ ብላ በጆሯቸው አንድ ነገር አለች፤ ያኔ ልብ አላልኩትም።

ፍርዱ ተነበበ፤ በቃል ማለቴ ነው። ጨጓራ ድንበር ገፍቷልና ጥፋተኛ ነው ተባለ። የጉሮሮ ህዋሳት ተገደው ነውና የተለወጡት አይወቀሱም ተባለ። ጋሼ ደግሞ በተቀጠረ ቁጥር እየሄደ ድንበሩን ያስለካል፣ ይህን ለማድረጉም ዋስ ይጥራ ተባለ።

ጋሼ ዓይኑ አበራ። «ዋሴ ልጄ ናት!» አለ። እሷ አትጨክንብኝም ብሎ ነው፤ አውቀዋለሁ። እኔም የተገላገልኩ መስሎኝ እሺ አልኩ።

«መልካም» አሉ ዳኛው። «በአገራችን ልማድ ባለግዴታው ባይወጣ ዋሱ በሱ ፈንታ ይወጣል። እሱ ጎማውን አልውጥም ካለ አንቺ ትውጫለሽ።»

«ኧረ በስመ አብ! የእኔ ጉሮሮ ምን አድርጎ?»

«ዋስ ነሻ።»

«አባቴ፣ እኔን ቢያዩኝ ስለሱ ምንም አይታወቅም እኮ! ሌላ ጉሮሮ ነው!»

«እሱን ዋስ ሳትሆኚ ማሰብ ነበር።»

ይስቅብኛል ብዬ ወደ ጋሼ ዞርኩ። አልሳቀም። በትሩን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«እሷን ለምን?» አለ።

«ዋስ ናታ።»

«እሷማ አትውጥም።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ያንቃል። ትንፋሽ ያሳጣል። እኔ አውቀዋለሁ። ሲያስላት እንኳ መቋቋም አትችልም፣ ከልጅነቷ ጉሮሮዋ ስስ ነው።»

«እንግዲያው ራስህ ዋጥ።»

ጋሼ ሽማግሌዎቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ እትዬን አየ። እትዬ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። «እውጣለሁ» አለ። ቀጠሮው እስኪደርስ እኔ ቤት ሊሰነብት አብረን ተሳፈርን፤ ደብረ ብርሃን ከሚኒባሱ ስንወርድ «ያቺ ሴትዮ ተንኮለኛ ናት» አለኝ።

በቀጠሮው ቀን የሠርጉን ኮት ለብሶ ሆስፒታል መጣ። የምርመራ ክፍሉ በር ላይ ነርሷን አስቁሞ ወደ እኔ በበትሩ እየጠቆመ «ይህችን ልጅ ውጭ አስቀምጡልኝ። እንዳትሳሳቱ፣ የምውጠው እኔ ነኝ» አላት። ነርሷ ግራ ገብቷት አየችኝ። እኔም እንደታዘዝኩት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ከተዘጋ በኋላ ሲያስለው ይሰማኛል፤ ባሳለ ቁጥር እኔም አብሬ የምታነቅ ይመስለኝ ነበር።

ውጤቱ የደረሰ ዕለት ባልደረባዬ ማይክሮስኮፑን ለቀቀልኝ። ብርሌዎቹ እዚያው አሉ። አልበዙም፣ አልተበላሹም፣ ከመስመራቸው የወጣ የለም። ደጋግሜ ካየሁ በኋላ ባልደረባዬ «በቃሽ እንጂ» ብሎ አስነሳኝ። ሮጬ ወጣሁ። ጋሼ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

«ምን አሉ?»

«ደህና ነህ ጋሼ! ካንሰር የለም!»

አላመነኝም መሰለኝ ትንሽ ፊቴን አየኝ። «ተመለሱ?» አለ። «ወደ ጉሮሮነታቸው?»

«አልተመለሱም። ምናልባትም አይመለሱም። ግን ባሉበት ናቸው፣ ወደ ክፉ አልሄዱም።»

ኮቱን አስተካከለ። «ምን ሊሆኑ ይመለሳሉ?» አለ። «እኔስ አንቺን ካቀፍኩ ወዲያ መቼ አጎት ሆኜ አውቃለሁ?»

 መንገደኛው ሁሉ እያየኝ፣ ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ በሆስፒታል ግቢ መሃል እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ጋሼ ግራ ቀኙን አየና በኀፍረት ክንዴን ጎተተኝ።

«ኧረ ዝም በይ! ጎማውን የዋጥኩት እኔ፣ የምታለቅሺው አንቺ?»