«አፈር ስሆን» የተባለበት ኪኒን

ኡሙሰልማ ኮምቦልቻ አንድ ክር ፋብሪካ ውስጥ ሦስት ዓመት ስትሠራ፣ ልቧ አንዳንዴ ያለ ልክ እንደሚሮጥ ከሐኪሟ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ምን በወጣት! ደሴ ሆጤ ሰፈር ያሉት እናቷ እንኳ አያውቁም። ምንይሉ የሚባለው የፈረቃ አለቃዋ ደግሞ በሽተኛ የሚባል ሰው ዓይኑን ማየት አይወድም፤ አምና የሚጥል በሽታ ያለባትን ልጅ «ማሽን ላይ ብትወድቂ ማን ሊጠየቅ ነው?» ብሎ አሰናብቷታል።

የክሩ ብናኝና ጉንፋን ተባብረው አፍንጫዋን በደፈኑት ሰሞን፣ አጠገቧ የምትሠራው ረውዳ ከጋዋኗ ኪስ የጉንፋን ኪኒን አወጣች።

«እንኪ ዋጪው። ለኔ ባንድ ቀን ነው የከፈተልኝ።»

«ተዪው ረውዳ፣ ይለቀኛል።»

«አፈር ስሆን! ቅበሪኝ!»

እንግዲህ ወሎ ውስጥ አፈር ስሆን ተብሎ የቀረበ ነገር እንዴት ይመለሳል? ጉርሻ ቢሆን ጠግባም ትጎርሰው ነበር። ሐኪሟ ግን «አፍንጫ የሚከፍት ኪኒን ልብሽን ያስሮጠዋል፤ የልብሽን ሕመም ሳትናገሪ የጉንፋን መድኃኒት እንዳትወስጂ» ብሎ አስጠንቅቋታል። ረውዳ ደግሞ ኪኒኑን አፏ ድረስ አምጥታ ቆማለች። ኡሙሰልማ ጨነቃት። እጇን ያዝ አደረገችና በጆሮዋ ነገረቻት።

ረውዳ ደነገጠች። «እኔ ልድፋ! ልገድልሽ ነበር እኮ! አብሽሪ እህቴ፣ ወላሂ ለማንም አልናገርም።»

ከሥራ ሲወጡ ራሷ ፋርማሲ ይዛት ሄደች። ፋርማሲስቷ የልቧን ነገር ስትሰማ የጉንፋን ኪኒኖቹን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ አፍንጫ ማጠቢያ የጨው ውሃ ብቻ ሰጠቻት። በሦስተኛው ቀን ቀለል አላት፤ አልሐምዱሊላህ።

መች በዚህ አበቃ! በሳምንቱ ምንይሉ አስጠራት።

«የልብ በሽተኛ ነሽ አሉ። እኔ እዚህ ሬሳ አላነሳም። ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ።»

ረውዳ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ፊቷ በልቅሶ አብጧል። «እኔ ነኝ... ቀለል ያለ ሥራ ይስጥሽ ብዬ ነው የለመንሁት። ለአንቺው ብዬ!»

ክፋት ቢሆን እኮ ተሳድቦ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ደግነት ግን ምን ብለው ይረግሙታል? ኡሙሰልማ ጋዋኗን እያወለቀች አየቻት።

«ረውዳ» አለቻት፣ «በየወሩ ደሴ ፒያሳ እየወጣሁ የልቤን መድኃኒት የምገዛው በዚሁ ደሞዝ ነበር።»