አዊን የምታክል አገር

በጋዜጠኝነት ሥራዬ አንድ ደንብ አለኝ፤ ልዘግበው በሄድኩበት ስብሰባ ላይ አልናገርም። መቅረጫዬን ጠረጴዛ ላይ አኖራለሁ፣ ከኋላ ወንበር ፈልጌ እቀመጣለሁ፣ የተባለውን እጽፋለሁ። ይህን ደንብ የጣስኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። እንጅባራ ላይ፣ እኛ አሁንም ቆሰበር በምንላት የአዊ ዞን ከተማ፣ በአንድ የድንች አምራቾች ማኅበር አዳራሽ ውስጥ ነበር። እስከ ዛሬ አልጸጸተኝም።

ወሩ መጋቢት ነው። የመስኖው ድንች ከመሬት ወጥቶ በየጓሮው ተከምሮ፣ ሣር ለብሶ ይጠብቃል። ድንች እንደ ጤፍ ጎተራ ገብቶ ደህና ዋጋ እስኪመጣ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ፀሐይ ካየው አረንጓዴ ይሆናል፣ ዝናብ ካገኘው ይበሰብሳል፣ ከቆየም ያቆጠቁጣል። ከሌላ አገር የሚመጡት ሰብሳቢ ነጋዴዎች ይህን ከገበሬው እኩል ስለሚያውቁ አይቸኩሉም። ክምሩን ዞር ዞር ብለው አይተው ይሄዳሉ፤ ገበሬው ሲጨንቀው ተመልሰው በፈለጉት ዋጋ ይጭናሉ። በየዓመቱ እንዲህ ነበር።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሴት ናት። ባሏ የሞተባት፣ አራት ልጆች የምታሳድግ፣ ከባንጃ ገጠር የመጣች ገበሬ። ቤቷ በአገውኛ፣ ስብሰባ ላይ በአማርኛ ትናገራለች፤ በሁለቱም ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። በዚያ ዓመት አዲስ ሐሳብ አመጣች። ሰብሳቢዎቹን መጠበቅ ትተን አንድ መኪና ድንች ራሳችን ጭነን ጅቡቲ እንላክ አለች። መንገዱን የሚያውቅ ሰውም አግኝታ ነበር። ዳንግላ ሱቅ ያላቸው አንድ ሐጂ በጉልምስናቸው በጅቡቲ መስመር ለዓመታት የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ድሬዳዋ ውስጥ ደግሞ የላኪነት ፈቃድ ያለው ዘመድ አላቸው። መንገዱ በዚያ ሰሞን ክፍት ነበር። የቀረው የአባላቱ ድምፅ ብቻ ነው። እሷም "ሐሳቤ ከወደቀ፣ ወይም ድንቹ መንገድ ላይ ከተበላሸ ወንበሩን እለቃለሁ" ብላ በይፋ ተናግራለች። ይህን እኔው ራሴ ዘግቤዋለሁ። የተናገረችውን የምታጥፍ ሴት አለመሆኗን ደግሞ አዳራሹ ሁሉ ያውቃል።

ስብሰባው እንደተከፈተ ሰፊ የመስኖ መሬት ያላቸው አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"ጅቡቲ ማለት" አሉ፣ "ካርታ ላይ በጣትህ ልጠቁማት ስትል ጣትህ የሚሸፍናት አገር ናት። እኛ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ነን። እዚያች ላይ አንድ አይሱዙ ድንች ብናራግፍባት ዓመት ሙሉ ቀቅላ ቀቅላ አትጨርሰውም!"

አዳራሹ ሳቀ። "ማገዶው ያልቅባታል!" አለ በሩን ተደግፎ የቆመ አንድ ጎልማሳ።

"ይህን ከራሴ አላመጣሁትም" ቀጠሉ ሽማግሌው። "የኛ ኢኮኖሚ ከነሱ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ በሬዲዮ ሰምቻለሁ። ያውም የተናገረው ይኸውና እዚህ ተቀምጧል።" በከዘራቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

እውነት ነው፣ ብዬ ነበር። አንገቴን ደፍቼ መጻፌን ቀጠልኩ።

ከፊት ወንበር አንዲት አባል ተነሣች። "እኔም ሬዲዮ አለኝ አባባ። ያው ሰውዬ በሌላው ሳምንት ደግሞ የጅቡቲ ሰው በነፍስ ወከፍ ገቢው ከኛ ሰው ይበልጣል ብሏል። እጃቸው ላይ ገንዘብ አለ፤ ለምን አይገዙንም?"

ይህንንም ብዬ ነበር።

"ታዲያ ይሄ ጋዜጠኛ ነው ወይስ የገበያ ደላላ?" አለ በሩ ላይ ያለው። "ለገዢውም ለሻጩም አዎ የሚል!"

የአሁኑ ሳቅ ከቅድሙ ባሰ። ሊቀ መንበሯ ብቻ አልሳቀችም። ስብሰባ ወደ ሳቅ ከዞረ ድምፅ እንደሚጠፋ ታውቃለች፤ ድምፁ ደግሞ ዓይኗ እያየ ከእጅዋ እየወጣ ነበር።

"ጋሼ" አለችኝ፣ "ሁለቱንም ብለዋል?"

"ሁለቱንም ብያለሁ።"

"የትኛው ነው እውነቱ?"

"ሁለቱም።"

አዳራሹ ተንጫጫ። መቅረጫዬን አጠፋሁ፤ የሚዘግብ ሰው ተናጋሪ ከሆነ ያ ሰዓት ለዜና አይሆንም። ተነሥቼ በተቻለኝ መጠን ላስረዳ ሞከርኩ። ሁለት ጎረቤቶች አሉ እንበል አልኩ። አንደኛው ቤት ውስጥ አሥራ ሁለት ነፍስ አለ፣ ሁለተኛው ውስጥ ሁለት። የአሥራ ሁለቱ ጎተራ ትልቅ ነው፤ ለየራስ ሲካፈል ግን ድርሻው ያንሳል። የሁለቱ ጎተራ ትንሽ ነው፤ የእያንዳንዳቸው ድርሻ ግን ይበልጣል። የአንድን አገር ኢኮኖሚ በጠቅላላው ስንለካው ጎተራውን እያየን ነው፤ በነፍስ ወከፍ ስንለካው ድርሻውን።

ምሳሌው ትክክል ነበር። ሽማግሌው ግን ነቅተው ይጠብቁኝ ኖሯል።

"አመሰግናለሁ፣ ልጄ" አሉ። "እንግዲህ ንገረኝ፤ ሁለት ነፍስ ያለበት ቤት ስንት ድንች ይበላል?"

አዳራሹ በጭብጨባ ደገፋቸው። ለሊቀ መንበሯ ልናገር ተነሥቼ ለተቃዋሚዋ መሣሪያ አቀበልኩ።  ወደ ወንበሬ ልመለስ ዞርኩ።

"ጋሼ" አለች እሷ፣ በዚያው በዝግተኛ ድምፅዋ፣ "ከኢትዮጵያ ጋር ማስተያየቱን ይተዉት። ኢትዮጵያን ዞሬ አላየኋትም፤ ስፋቷን በጆሮዬ ነው የማውቀው። አዊን ግን በእግሬ አውቀዋለሁ። የጅቡቲ ሕዝብ ከኛ ከአዊ ሕዝብ ጋር ሲተያይ እንዴት ነው?"

ስለ ሁለቱ አገሮች ስዘግብ ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። የሁለቱም ቁጥር ማስታወሻዬ ላይ ነበር፤ አንዱ በዞኑ ገጽ፣ ሌላው በውጭ አገሩ ገጽ፣ ጎን ለጎን ሳይቀመጡ። ገልጬ አየሁ። እንዳልሳሳት ደግሜ አየሁ።

"ይቀራረባል" አልኩ። "በግምት አንድ አዊ ነው።"

"አዊ ሙሉ?" አለች ከፊት ያለችው አባል። "ዳንግላም፣ ቻግኒም፣ ግምጃ ቤት ከተማም ተጨምሮ?"

"ሁሉም ተጨምሮ። በሕዝብ ነው ያልኩት፤ በመሬት እነሱ ይሰፋሉ። መሬቱ ግን ደረቅና ሞቃት ነው። የሚበሉትን አብዛኛውን የሚያስገቡት ከውጭ ነው።"

ሊቀ መንበሯ ወደ አባላቱ ዞረች። መጀመሪያ በአገውኛ ተናገረች፤ ከዚያ ለእኔና ለስብሰባው ለመጡት ለዳንግላው ሐጂ እንዲገባን በአማርኛ ደገመችው።

"አዊ ሙሉ አንድ ድንች አያበቅልም በሉ። ቆላውም ደጋውም። ሰዉ እንዳለ አለ፣ ድስቱም እንዳለ አለ። የዳንግላ ገበያ በአንድ ቀን ስንት መኪና ይፈልጋል?"

ያኔ አዳራሹ ማስላት ጀመረ። እንዲህ ያለ ስሌት አይቼ አላውቅም፤ እኔ በጠቅላላ ምርትና በነፍስ ወከፍ የምለካውን አገር እነሱ በገበያ ቀን ለኩት።

"ዳንግላ ብቻዋን አንድ አይሱዙ እስከ ምሳ አታደርስም!"

"የባጃጅ ሾፌሩ ብቻ በቅቅሉ ይጨርሰዋል!"

"ቆሰበርስ? ተማሪው፣ ሆቴሉ?"

"የግምጃ ቤት ሰው እንኳ ድንች አይጠግብም።"

"አንተ ነህ የማትጠግበው! የግምጃ ቤትን ስም አታንሣ!"

ሐጂ እጃቸውን አነሡ። "ረመዳን ሲገባ ደግሞ" አሉ፣ "እዚያ አገር ድንች የማይገባበት ድስት አላየሁም።"

ሽማግሌው ከዘራቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ቆዩ። ሲያሰሉ ነበር። በመጨረሻ ቀና አሉና ሊቀ መንበሯን በቁጣ አዩዋት።

"ለዚህ ሁሉ ሰው አንድ መኪና ነው የምትልኪው? ልታሰድቢን ነው እንዴ?"

ድምፅ ሲሰጥ ያልተነሣ እጅ ፈልጌ አላገኘሁም። በሩን የተደገፈው ጎልማሳ ሁለቱንም እጆቹን አንሥቶ አንዱን እንዲያወርድ ተነገረው።

በማግስቱ ጭነት ነበር። ያን ቀን ነገሩ ሌላ ቦታ ላይ ሊሰናከል ነበር። እኛ ዘንድ የድንች ጆንያ እስከ አፉ ሞልቶ አያበቃም፤ ከአፉ በላይ ትልልቁ ድንች ተቆልሎ፣ በገመድ ተጠላልፎ ይሰፋል። ቁልል የሌለው ጆንያ የስስታም ጆንያ ነው። አባላቱም ለባዕድ አገር ነውና ከወትሮው አብልጠው ቆለሉት። ሐጂው ከዳንግላ መጥተው መኪናውን ሲያዩ ራሳቸውን ያዙ።

"አውርዱ። ቁልሉን ሁሉ አፍርሱ።"

"ሐጂ፣ ልሙጥ ጆንያ ልከን ሰው ምን ይለናል?" አለች አንዷ።

"ምንም አይልም። እዚያ የሚገዙት በሚዛን ነው። ቁልሉ ከላይ ያለው ጆንያ ሲጫነው ይፈርጣል፤ አንድ የፈረጠ ድንች በአዋሽ ሙቀት ጆንያውን ሙሉ ይዞት ይጠፋል። እኔ በዚያ መንገድ የበሰበሰ ሽንኩርት ስጥል፣ ቲማቲም ስጥል ኖሬያለሁ።"

ማጉረምረም ሆነ። ሊቀ መንበሯ አልተከራከረችም፤ ወስፌውን ቀምታ የመጀመሪያውን ጆንያ ራሷ ፈታች። ጠዋት የተሰፋው ሁሉ ተፈትቶ፣ ተስተካክሎ፣ እንደገና ተሰፍቶ ሲያልቅ ፀሐይ ዘንበል ብላ ነበር። ሐጂው ጋቢና ገብተው ከሾፌሩ ጋር ሄዱ።

በመሀል ባሉት ቀናት አልደወልኩም። ያልሆነ ዜና ደውለህ አታመጣውም። እሷም ወደ መስኖዋ ተመልሳ ሽንኩርት ስታርም እንደ ሰነበተች ሰማሁ። በሬዲዮ ጣቢያው ግን ስልኬን ከወትሮው ይልቅ ቀረብ አድርጌ አስቀምጥ እንደነበር አልክድም።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ደወለች። "ሐጂ ሊደውሉ ነው። ይምጡ" ብቻ አለች።

ስደርስ የማኅበሩ ቢሮ ሞልቶ ሰው በመስኮት ያያል። ስልኩ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ጠራ።

"ሰላም አደራችሁ? ድንቹ…" አሉ ሐጂ፤ ኔትወርኩ ተቆረጠ።

 እሷ ጠረጴዛውን በሁለት እጆቿ ይዛ ቆማለች። እንደገና ጠራ።

"ድንቹ ምን ሆነ ሐጂ?" አለች፣ ሰላምታውን ትታ።

"ድንቹማ አለቀ፣ እታለም! የተበላሸ ቢባል እፍኝ የማይሞላ ነው። በሁለት ጠዋት አለቀ። ሚዛን ላይ ሲያወጡት ንጽሕናውን ያየ ሁሉ ከየት ነው ሲል ነበር፤ አዊ የሚባል አገር አለ ብያቸዋለሁ። ሁለት መኪና ጨምሩ ይላሉ። ሰማሽኝ? ሁለት!"

ቢሮው ፈነዳ። ሰው በመስኮት ይገባል፣ ሰው በሰው ላይ ይዘላል። ሽማግሌው ከዘራቸውን ወደ ላይ ወርውረው መልሰው ሳይዙት ቀሩ። ሊቀ መንበሯ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ልትለቀው የነበረው ወንበር ላይ። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።  ብዙም አልቆየችም፤ ነጠላዋን ገልጣ ተነሣች።

"ምን ቆማችኋል?" አለች። "ወደ ጓሮ!"

ሴቶቹ እልልታውን ያነሡት ያኔ ነው። ከቢሮው ጀምሮ፣ በግቢው አልፎ፣ አስፋልቱ ዳር ካሉት ሱቆች ድረስ ሄደ። ባጃጆች ቆሙ። ምን እንደሆነ የማያውቅ ሁሉ ተቀበለው። መቅረጫዬ በርቶ ነበር።

በማግስቱ ዜናውን ስሠራ እንደ ልማዴ አጠር አደረግሁት፤ ምን እንደተላከ፣ ወዴት እንደተላከ፣ ስንት መኪና እንደተጠየቀ። አዘጋጁ እልልታው በዛ፣ ለዜና አይሆንም፣ ቁረጠው አለኝ። እኔ ሰው የሚናገረውን ሁሉ ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። እልልታውን ግን አንድም ትንፋሽ ሳልነካ ሙሉውን አስተላለፍኩት።